ለማይክሮፊልም የሚሆን ሳጥን እንዴት እንምረጥ? (ሀዋሳ ላይ ሆነን)

«ማይክሮፊልሙን (የሰነድ ገጾች በጣም አንሰው የተነሱበትን ፊልም) በምን ሳጥን ላስቀምጠው?» ይሄ ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አንዱ ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ይደውላል። ሌላዋ የአባቷን የጥናት ፊልም ቁምሳጥን ላይ አግኝታ ትመጣለች። በቅርቡ ደግሞ አንድ ልጅ 11 ጥቅል በፌስታል ቋጥሮ፣ ፌስታሉን በጫማ ካርቶን ከትቶ፣ መናኸሪያ አካባቢ ድረስ በባጃጅ ይዞልኝ መጣ። ካርቶኑ ላይ «42 ቁጥር» ይላል። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከምደግም እዚህ ልጻፈው አልኩ።

የምጽፈው ሀዋሳን እያሰብኩ ነው። ሐይቁ ቅርብ ነው፤ ክረምት ላይ እርጥበቱ ቤት ውስጥ ይገባል፤ በጋ ላይ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ይጋላል። አዳማ ያላችሁ አቧራውንና ሙቀቱን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሌላው ያው ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሳጥን ከመግዛታችሁ በፊት ፊልማችሁን እወቁ። ለአንዱ ፊልም የሚበጅ ሳጥን ሌላውን ያበላሻል። ፊልሙ ከሳጥኑ ግድግዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቆ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ካርቶኑ የሚያወጣው ጋዝ ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ንጹህ የጥጥ ጓንት፣ ወይም ዱቄት የሌለው የናይትራይል ጓንት
- በሚሊ ሜትር የተከፈለ ማስመሪያ
- ማጉያ መነጽር
- የፒኤች መለኪያ ወረቀት (ፒኤች የአሲድነት ልክ ነው፤ 7 መሃል ነው፣ ከዚያ በታች አሲድ ነው፤ ወረቀቱ የላብራቶሪ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጋ ይገኛል)
- የተጣራ ውሃ፣ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው ዓይነት
- ሙቀትና እርጥበት የሚያሳይ ትንሽ ዲጂታል መለኪያ
- ለስላሳ እርሳስ፣ 2ቢ ቢሆን ጥሩ ነው
- ከተገኘ ኤ-ዲ ስትሪፕ (ምን እንደሆነ ከታች አለ)
- ደብተር

1. ቁጠሩ፣ ለኩ፣ ጻፉ

ጠረጴዛውን ጥረጉና ንጹህ ነጭ ወረቀት አንጥፉበት። ጓንት አጥልቁ። ፊልሙን በጠርዙ ብቻ ያዙ፤ የጣት ላብና ቅባት ምስሉ ላይ አሻራ ትቶ ይቀራል።

የፊልሙን ወርድ በማስመሪያ ለኩ። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥማችሁ 16 ሚሊ ሜትር ወይም 35 ሚሊ ሜትር ነው። ጠፍጣፋ ካርድ የሚመስለው፣ 105 በ148 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ማይክሮፊሽ ይባላል፤ እሱ ሳጥን ከመግባቱ በፊት ለየብቻው የራሱ ፖስታ ይፈልጋል። የእያንዳንዱን ዓይነት ብዛት ደብተር ላይ አስፍሩ። ይሄን ዘልለው ያዘዙ ሰዎች ለ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የ35 ሳጥን ታቅፈው ሲቀሩ አይቻለሁ።

2. ፊልሙ ከምን እንደተሠራ ለዩ

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። የምስሉ ተሸካሚ የሆነው ፕላስቲክ በአብዛኛው ወይ አሲቴት ነው ወይ ፖሊስተር። አሲቴት በጊዜ ብዛት እየፈረሰ አሲድ ያወጣል፤ ያ አሲድ ደግሞ መልሶ የፊልሙን መፍረስ ያፈጥነዋል። ፖሊስተር እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። በደንብ የታጠበና በደንብ የተቀመጠ የፖሊስተር ፊልም 500 ዓመት እንዲቆይ ታስቦ ነው የሚሠራው።

እንዴት ትለያላችሁ? ጥቅሉን ወደ መስኮት አንሱና በጎኑ፣ የሪሉ (ፊልሙ የተጠቀለለበት መንኮራኩር) ጎን ክፍት በሆነበት በኩል፣ ወደ ብርሃኑ ተመልከቱ። የተጠቀለለው ፊልም ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ፖሊስተር ነው። ድፍን ጥቁር ከሆነ አሲቴት ነው። ሀዋሳ ላይ የጠዋት ፀሐይ ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ፊልሙን ግን ፀሐይ ላይ ትታችሁ አትሂዱ። «ፖሊስተር በእጅ አይቀደድም» ሲባል ሰምታችሁ ቀድዳችሁ ለመሞከር አትነሱ። እውነት ነው፣ አይቀደድም። አሲቴት ከሆነስ?

ቀጥሎ ሽታ። የድሮውን ሳጥን ከፍታችሁ ከፊታችሁ ራቅ አድርጋችሁ አሽትቱ። አቼቶ አቼቶ ካለ አሲቴቱ መፍረስ ጀምሯል። ኤ-ዲ ስትሪፕ ካላችሁ አንዷን ከፊልሙ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ዘግታችሁ ቢያንስ አንድ ቀን አሳድሩ። ወረቀቷ ሰማያዊ ናት፤ አሲድ ሲያገኛት ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ትሄዳለች። ከእሷ ጋር ቁጥር ያለው የቀለም ማነጻጸሪያ ይመጣል። 1.5 ላይ ከደረሰ መበላሸቱ ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ እየፈጠነ ነው የሚሄደው። እንዲህ ያለውን ጥቅል ከሌሎቹ ለዩ፤ ቅጂ የሚሠራለትንም ቶሎ ፈልጉ።

ለምን ይሄን ያህል እንደማካብድ ልንገራችሁ። አንድ ክረምት ሰላሳ የሚሆኑ የአሲቴት ጥቅሎችን ጥብቅ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከተትኩ። እርጥበት አይገባም፣ ጎበዝ ነኝ ብዬ። ጥቅምት ላይ ክዳኑን ስከፍተው ዓይኔ አነባ። እርጥበቱ አልገባም፣ አሲዱም አልወጣም። አራት ጥቅል እንደ ደረቀ ቆዳ ተጣጥፎ ቀረ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የኔ ነው።

ስለዚህ ፖሊስተር ፊልም በሚገባ የሚዘጋ ሳጥን ውስጥ ሊገባ ይችላል። አሲቴት ግን አየር የሚወጣበት ሳጥን ይፈልጋል፤ ቀዳዳ ያለው ወይም ተጣጣፊ የወረቀት ሳጥን።

3. የምስሉን ዓይነት ለዩ

ዋናው ቅጂ ብዙ ጊዜ በብር የተሠራ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ አንዱ ገጽ የሚያበራ፣ ሌላው ደብዘዝ ያለ። ዲያዞ የሚባለው ቅጂ ወደ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ያደላል። ቬሲኩላር የሚባለው ደግሞ ግራጫ ወይም ቤዥ ቢጤ ነው። ሦስቱን አንድ ሳጥን ውስጥ አትቀላቅሉ፤ ቢቻል አንድ መሳቢያም አታጋሯቸው። አሮጌ ቬሲኩላር ፊልም የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ትነት ሊያወጣ ይችላል፤ ጎረቤቱ የሆነው የብር ምስል ይጎዳል።

በማጉያ መነጽሩ የጥቅሉን የመጀመሪያ ሜትር ተመልከቱ። ቀይ ወይም ብርቱካናማ ነጠብጣብ፣ እንደ ኩፍኝ ያለ፣ ካያችሁ የብሩ ምስል እንደ ዝገት በሚበላው ጋዝ እየተጎዳ ነው። ጋዙ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከርካሽ ካርቶንና ከአዲስ ቀለም ነው። ከውጭ ስለሚገባ የሚጀምረው ከጥቅሉ ጫፍ ነው። ይሄ ምልክት ካለ የድሮው ሳጥን ዛሬውኑ ይውጣ።

4. ወረቀት ወይስ ፕላስቲክ?

የወረቀት ሳጥን ከመረጣችሁ አሲድና ሊግኒን የሌለው ይሁን። ሊግኒን እንጨት ውስጥ ያለው፣ ጋዜጣን ቢጫ የሚያደርገው ነገር ነው። ፒኤቹ ለጥቁርና ነጭ የብር ፊልም ከ7 በላይ እስከ 9.5 ይሁን። ብዙዎቹ ጥሩ ሳጥኖች ካልሲየም ካርቦኔት ይጨመርባቸዋል፣ 2 በመቶ ገደማ፤ አሲድ ሲመጣ እሱ ይውጠዋል። ለዲያዞና ለቀለም ፊልም ግን ይሄ ጭማሪ የሌለበት፣ ፒኤቹ 7 አካባቢ የሆነ ይሻላል።

ፕላስቲክ ከሆነ ከሥሩ ያለውን ሦስት ማዕዘን ገልብጣችሁ እዩ። ውስጡ ቁጥር አለ። 5 ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ በጣም ጥሩ። 2 እና 4 ፖሊኢትሊን ናቸው፣ ጥሩ። 1 የፖሊስተር ዘር ነው፣ እሱም ይሆናል። 6 ፖሊስታይሪን ነው፣ ይሆናል፤ ግን ይሰበራል። 3 ካያችሁ መልሱት። 3 ፒቪሲ ነው፤ ሲያረጅ አሲድ ይተፋል። 7 ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ ተዉት። ቁጥር የሌለውንም እንዲሁ። ገበያ ላይ ያለው ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ከቁርጥራጭ ተቀልጦ የተሠራ ነው። አዲስ ሆኖ ክዳኑ ሲከፈት የሚሸት ከሆነ ቁጥሩ 5 ቢሆንም አትግዙ።

የቆርቆሮ ሳጥንስ? ዝገት የማይዘው ብረት ወይም በምድጃ የተጋገረ ቀለም ያለው ይሆናል። የድሮ ብስኩት ቆርቆሮ ግን አይሆንም። ዝገት አለበት፣ ደግሞም ጥብቅ ብሎ ይዘጋል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ለሀዋሳ የወረቀት ሳጥን እመርጣለሁ። ትንሽ ይተነፍሳል፤ አሲድ ይውጣል። ጣሪያው የሚያፈስ ክፍል ከሆነ ግን የወረቀቱን ሳጥን ተዉና መጀመሪያ ጣሪያውን አሠሩ።

5. ሻጩን አራት ጥያቄ ጠይቁ

ለፊልም ማስቀመጫ ተብሎ የተሠራ ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ተጣጥፎ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚላክ ጭነቱ ቀላል ነው። ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፦

ፒኤቹ ስንት ነው? ከሊግኒን ነጻ ነው? ካልሲየም ካርቦኔት ተጨምሮበታል? የፎቶግራፍ ተጽዕኖ ፈተና አልፏል ወይ?

ዋናው አራተኛው ነው። ይሄ ፈተና አይሶ 18916 በሚባለው ደረጃ የተደነገገ ነው። የሳጥኑን ወረቀት ለፈተና ከተዘጋጀ ፊልም ጋር አጣብቀው በ70 ዲግሪ ሙቀትና በ86 በመቶ እርጥበት 15 ቀን ያቆዩታል፤ ወረቀቱ ፊልሙን ከጎዳ ይወድቃል። ቤት ውስጥ የሚሠራ አይደለም። አሲድ የሌለው ወረቀት እንኳ በቀለሙ ወይም በሙጫው ምክንያት ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ «አሲድ ፍሪ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። ሻጩ «ምን ማለት ነው?» ብሎ ከመለሰላችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

6. ናሙና አስመጥታችሁ ሞክሩ

መጀመሪያ ሁለት ሳጥን ብቻ እዘዙ። ሁለቱን ቀላል ሙከራዎች እነሆ።

ፒኤች፦ ከሳጥኑ 1 ግራም የሚሆን ቆርጣችሁ በትንንሹ ከትፉት። 70 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ዘፍዝፉት። ከዚያ የፒኤች ወረቀቱን ንከሩ። አንድ ብልሃት ልጨምር፦ ውሃውን ብቻውንም አስቀድማችሁ ለኩ። የተጣራ ውሃ አየር ሲነካው በራሱ ትንሽ ወደ አሲድ ያደላል፤ ይሄን ካላወቃችሁ ጥሩውን ሳጥን በከንቱ ትጥላላችሁ።

ፀሐይ፦ አንድ ቁራጭ ግማሹን መጽሐፍ ውስጥ ደብቁ፣ ግማሹ መስኮት ላይ ለፀሐይ ይውጣ። አጠገቡ ቁራጭ ጋዜጣ ለማነጻጸሪያ አድርጉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋዜጣው ቢጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሳጥናችሁ ጋዜጣውን ከመሰለ ሊግኒን አለበት።

7. ልኩን አስተካክሉ

የተለመደው 30 ሜትር የሚይዝ ሪል 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በግምት 10 በ10 በ4 ሴንቲ ሜትር፣ ለ16 ሚሊ ሜትር 10 በ10 በ2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ይበቃዋል። ሰፊ ከሆነ ሪሉ ሲነሳና ሲቀመጥ ይንገጫገጫል፣ ጠርዙም ይፈገፈጋል። ጠባብ ከሆነ ክዳኑ አይገጥምም፣ አቧራ ይገባል። አንድ ሳጥን፣ አንድ ጥቅል።

ያለ ሙጫና ያለ ስቴፕል፣ በማጣጠፍ ብቻ የሚቆመውን ሳጥን አስበልጡ። ስቴፕል ይዝጋል፣ ሙጫውም ምን እንዳለው አይታወቅም። እዚሁ ካርቶን ለሚሠራ ሰው ማሠራት የምትፈልጉ ካላችሁ ወረቀቱን ራሳችሁ አቅርቡለት፤ በተለምዶ የሚጠቀሙበት ግራጫ ካርቶን ከአሮጌ ወረቀት የተሠራ ነው። ማስቲሽ እንዳይነካውም አስጠንቅቁት።

ስታዝዙ ከቆጠራችሁት 10 በመቶ ጨምሩ። ሲታጠፍ የሚቀደድ፣ ሲጻፍበት የሚበላሽ አይጠፋም።

8. ከፊልሙ ጋር ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ

የላስቲክ ማሰሪያ ካለ አውጡ። ላስቲክ ውስጥ ድኝ አለ፤ ድኝ ብርን ያጠቁራል። እዚህ ሙቀት ላይ ደግሞ ይቀልጥና ፊልሙ ላይ ይጣበቃል። ፕላስተር፣ አግራፍ፣ ተጣባቂ ወረቀት፣ ሁሉም ይውጣ። በምትኩ አሲድ ከሌለው ወረቀት የተቆረጠ ቀበቶ ዙሪያውን አድርጉ። ስታስሩ ላላ ይበል፤ ፊልሙ እንዳይፈታ እንጂ እንዳይታነቅ ነው። ፊልሙ ላልቶ ከሆነ ጫፉን ይዛችሁ አትጎትቱ፣ ንብርብሩ እርስ በርሱ ይፋቃል። በመጠቅለያ ማሽን ቀስ ብላችሁ እንደገና ጠቅልሉት።

9. ጻፉበት

በእርሳስ፣ ሳጥኑ ባዶ እያለ፣ በሚታየው ጎን። የጥቅሉ ቁጥር፣ ይዘቱ፣ ከስንት እስከ ስንት ዓመት፣ አሲቴት ወይስ ፖሊስተር፣ ዋና ቅጂ ወይስ የንባብ ቅጂ። እስክሪብቶ እርጥበት ሲያገኘው ይፈሳል። ዋናው ቅጂና የንባብ ቅጂው በአንድ ጣሪያ ሥር አይደሩ፤ ሌላ ሕንፃ ፈልጉለት።

10. የት ይቀመጥ?

ምርጡ ሳጥን መጥፎ ክፍል ውስጥ ብዙ አይረዳም። የምትፈልጉት ከ21 ዲግሪ በታች ሙቀት፣ ከ50 በመቶ በታች እርጥበት ነው። ሀዋሳ ላይ ያለ ማቀዝቀዣ ሙቀቱን ማግኘት ይከብዳል፤ ቢያንስ ከቆርቆሮ ጣሪያ የራቀ፣ ፀሐይ የማይመታው የመሃል ክፍል ምረጡ። እርጥበቱ ከ60 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ይመጣል። መለኪያዋን ክፍሉ ውስጥ ሰቅላችሁ ጠዋትና ከሰዓት ቁጥሩን ጻፉ፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም።

መደርደሪያው የብረት ይሁን። እንጨት፣ ቺፑድና ኮምፔንሳቶ አሲድ ያወጣሉ። ሌላ ከሌለ ለጊዜው ኩሽና ያለውን የአሉሚኒየም ፎይል አንጥፉበት። የታችኛው መደርደሪያ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ከውጭ ግድግዳም ይራቅ። ክፍሉ አዲስ ቀለም ከተቀባ ቢያንስ አንድ ወር፣ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ፣ ፊልም አታስገቡ።

ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጠው ፍሬ) ይረዳል፣ ግን ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንጂ ፊልሙን ነክቶ አይደለም። ቀለሙ ሲቀየር ጠጥቶ ጠግቧል ማለት ነው፤ አድርቃችሁ መልሱት። በዝቶ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ከወረደ ደግሞ ፊልሙ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ማስጠንቀቂያ

- ለባትሪ ከሚሸጡት ፈሳሾች አንዱ የተጣራ ውሃ ነው፣ ሌላው አሲድ ነው። ጠርሙሳቸው ይመሳሰላል። ጠይቃችሁ፣ አንብባችሁ ግዙ።
- ሰማያዊው ሲሊካ ጄል ውስጥ ያለው ማቅለሚያ መርዛማ ነው። እንጀራና ዳቦ በሚነካው ምድጃ አታድርቁት፤ ከልጆችም አርቁት።
- ከማይክሮፊልሙ ጋር የድሮ የፎቶ ወይም የሲኒማ ፊልም ከተገኘና ጠርዙ ላይ «ሴፍቲ» የሚል ጽሑፍ ከሌለው ለብቻው አስቀምጡት። ናይትሬት ሊሆን ይችላል፤ በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ በውሃም አይጠፋም። ዝግ ሳጥን ውስጥ አይግባ፣ ባለሙያ ጥሩ።
- አቼቶ የሚሸት ብዙ ጥቅል ስትከፍቱ መስኮት ክፈቱ።

ሰዎች የሚሳሳቱባቸው

ነጭ ሳጥን ንጹህ ይመስላቸዋል። ነጩ የላይኛው ሽፋን ብቻ ነው፤ ጠርዙን ቆርጣችሁ እዩት፣ መሃሉ ግራጫ ወይም ቡናማ ነው።

ፍሪጅ ውስጥ የሚከቱ አሉ። ቅዝቃዜ በርግጥ ለአሲቴት ጥሩ ነው። ግን መብራት በሄደ ቁጥር ፍሪጁ ይሞቃል፣ ውሃ ያዘንባል። አስተማማኝ ጄነሬተር ከሌላችሁ አትሞክሩት።

አዲስ ሳጥን ከገዙ በኋላ ፊልሙን ከነድሮ ፌስታሉ የሚያስገቡም ብዙ ናቸው። ያ እንግዲህ የ42 ቁጥሩን ካርቶን መቀየር ብቻ ነው።

አንዴ አስቀምጠው ለአሥር ዓመት የሚረሱም አሉ። በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ከየመደርደሪያው ጥቂት ሳጥን ከፍታችሁ አሽትቱ፣ የመጀመሪያውን ሜትር በማጉያ እዩ።

የድሮውን ሳጥን ደግሞ ዝም ብላችሁ አትጣሉ። ክዳኑ ላይ በእጅ የተጻፈ ቀን፣ የካሜራ ቁጥር፣ አንዳንዴም «ገጽ 40 ተዘሏል» የሚል ማስታወሻ ይኖራል። እሱ ፊልሙ ውስጥ የለም። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ደብተራችሁ ላይ ገልብጡት፣ ከዚያ ይጣል።